ለስምንት መቶ ሜትር የሚሆን ጠመንጃ

ጻካኔ፣ ጆሀንስበርግ
መስከረም 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ ኤርጎጌ፤

የጌታ ሰላም በቤትዎ ይደር። አዲሱን ዓመት በጤና ያስገባዎት አምላክ ስሙ ይባረክ። እኔም ልጅዎ ዓብዩም ደህና ነን። ይህን ስጽፍ እሱ በሱቁ መስኮት ላይ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ ይሸጣል። «ለዕፀገነት ትናንት ደውዬ ሁሉን ነግሬአታለሁ፤ ለእማዬ ሰላም በልልኝ» ብሏል። እርስዎ የስልክ ድምፅ መስማት ካቆሙ ወዲህ እህቱ የምታደርስልዎ መልእክት አጭር እንደሚሆን ስለማውቅ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ። ወደ ሆሳዕና የሚሄድ ሰው ስለተገኘ በእሱ እጅ ይደርስዎታል።

የምሥራች ልንገርዎት። የቋሚ ነዋሪነት ፔፐሬ ወጣ። ከእንግዲህ ፖሊስ ሳይ መንገድ አልቀይርም።

ሌላው ነገር ያስቅዎት ይሆናል። ሚስባህ የሚባል የስልጤ ሰው አለ፤ ዕቃ በጅምላ የምንገዛው ከእሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ተኩስ ይሄዳል። አንድ ቀን «ሁልጊዜ ከፍርግርግ ኋላ ቆመህ ትኖራለህ፤ ና ትንሽ ሜዳ እይ» ብሎ በባኪው፣ ኋላው ክፍት በሆነው ጭነት መኪናው፣ ጭኖ ወሰደኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሣሩ የደረቀ፣ ጫፉ የማይታይ ሜዳ ነው። በደረቴ ተኝቼ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ያለች ወረቀት መታሁ። ልጅ ሆኜ በጓሮ እንጨት አስይዘው «ትንፋሽህን ግማሹን አውጣና ያዘው» እያሉ ያስተማሩኝን ነው ያደረግኩት። ሚስባህ በመነጽሩ አየና «ማነው ያስተማረህ?» አለኝ። «አክስቴ፤ በድሮው ጦር የተኩስ ቡድን ውስጥ ነበሩ» ስለው ሳቀ። አላመነኝም።

አክስቴ፣ እኔ በሱቁ ውስጥ ሆኜ ዓለምን የማየው እጅ በሚያስገባ ቀዳዳ ነው። እዚያ ግን ስምንት መቶ ሜትር ርቆ የቆመ ነገር አያለሁ። ይህን ለዓብዩ ብነግረው አይገባውም፤ ለእርስዎ ግን ይገባዎታል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው። እዚህ አገር ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ለተወሰነ ጠመንጃ ስለሆነ ከማመልከቴ በፊት ካሊበሩን፣ የጥይቱን ዓይነት፣ መምረጥ አለብኝ። ለስምንት መቶ ሜትር ዒላማ ሦስት ዓይነት ይመክሩኛል፦ ሦስት ዜሮ ስምንት የሚሉት፣ ስድስት ነጥብ አምስት የሚሉትና ሦስት መቶ ማግነም። የእኔ ልብ ወደ ማግነሙ ነው፤ ድምፁ ራሱ ደረትን ይመታል። የቱን ልምረጥ?

እጅዎን የሚስም ልጅዎ፣
ምሕረቱ


ሆሳዕና
ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሕረቱ፤

እግዚአብሔር ስትገባም ስትወጣም ይጠብቅህ። ደብዳቤህን ያመጣው ሰው ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። እኔም ደስ አለኝ፤ ቶሎ ላነብ ነበር የፈለግኩት።

ጦሩ ከተበተነ ወዲህ ስለ ጥይት የጠየቀኝ ሰው የለም። እዚህ ሰው የሚያውቀኝ በቅቤ ነጋዴነቴ ነው። በደረቴ ተኝቼ ስተኩስ የኖርኩ ሰው መሆኔን ቢሰሙ እንደ ሚስባህ ይስቃሉ። ጆሮዬንም የወሰደው ያ ነው፤ በዚያን ጊዜ የምንወትፈው ጥጥ ነበር። አንተ መሸፈኛውን ሳታደርግ ወደ መስመሩ እንዳትጠጋ፤ የሚተኩሰው ሌላ ሰው ቢሆንም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ስማቸውን አላውቅም። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ገልብጠህ ላክልኝ። የእርሳሱ ክብደት ስንት ነው? ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ ስንት ነው? እርሳሱ ረጅምና ሹል ነው ወይስ አጭርና ወፍራም? ሜዳው ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ይላል? አየሩ በሳሳበት አገር ጥይት ቶሎ አይደክምም፤ ይህን ሳታውቅ የቆላ ሰው ያወጣውን የርቀት ሰንጠረዥ ብትከተል ከዒላማው በላይ ትመታለህ። ነፋሱስ ከየት ይነፍሳል?

ማግነሙን የወደድከው ስለ ድምፁ ነው። ተወው። በቡድናችን ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሃምሳ አለቃ ነበር። ከባድ ጠመንጃ ሰጡት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ምላጩን ሊስብ ሲል ዓይኑ መጨፈን ጀመረ፤ እሱ ግን አላወቀም። አንድ ቀን ጥይት ያልገባበት ጠመንጃ ጎርሷል ብዬ ሰጠሁት። ሲስብ ትከሻው ዘለለ። ሁላችንም አየነው፤ ሰውዬው ከዚያ በኋላ ወደ ቡድኑ አልተመለሰም። አንተም እንዲህ አድርገህ ራስህን ፈትን።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጎረቤቶች በእናንተ አገር የውጭ ሰው ሱቅ ይዘረፋል፣ ይቃጠላል ይላሉ። ዓብዩ ለእህቱ «ሰላም ነው» ይላታል። እሱ ከልጅነቱም ያመመውን የማይናገር ልጅ ነው። አንተ እውነቱን ጻፍልኝ።

አክስትህ ኤርጎጌ፣ ሁልጊዜ በጸሎት የማስብህ


ጻካኔ፣ ጆሀንስበርግ
ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

ጌታ ዕድሜ ከጤና ጋር ይጨምርልኝ። ደብዳቤዎን ለሚስባህ አነበብኩለት። የሃምሳ አለቃው ነገር ላይ ስደርስ «እኔም ሳልጨፍን አልቀርም» አለኝ።

በእኛ በኩል ሰላም ነው። ባለፈው ወር ሱቁን ጥቂት ቀን ዘግተን ቮስሎሩስ ሰፈር ወዳሉ ወንድሞች ሄደን ነበር፤ አሁን ተመልሰን ከፍተናል። ሰው በሚያወራው አይጨነቁ።

የጠየቁኝ ይኸው። ሦስት ዜሮ ስምንቱ እርሳሱ አሥራ አንድ ግራም ገደማ ነው፤ በሰከንድ ወደ ስምንት መቶ ሜትር ይሄዳል። ስድስት ነጥብ አምስቱ ዘጠኝ ግራም ነው፤ ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ትንሽ ይበልጣል፤ እርሳሱ ቀጭን፣ ረጅምና ሹል ነው። ማግነሙ አሥራ ሁለት ግራም አልፎ ወደ ስምንት መቶ ሰማንያ ይፈጥናል። ሜዳው ከባሕር ወለል ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር በላይ ነው። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ከግራ ይነሣል፤ አንዳንዴም መሐል ላይ ሐሳቡን ይቀይራል።

ችግሬ ሌላ ነው። ሕጉ ጠመንጃ ያለው ሰው ከግድግዳ ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ካዝና ይኑረው ይላል። የምናድረው ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ስለሆነ ካዝናው እዚያ መግባት አለበት። ዓብዩ እምቢ አለ።

«ከባኪ ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ ያያል» አለኝ።

«ይይ። ሕጋዊ ነው።»

«ለእነሱ ሕጋዊ መሆኑ ምን ያደርግላቸዋል? መጀመሪያ ገንዘብ አለበት ይላሉ። ጠመንጃ መሆኑን ሲያውቁ ደግሞ ይብሳል። እዚህ ሰው ለገንዘብ ከሚመጣ ይልቅ ለጠመንጃ ይመጣል።»

ሱቁ የሁለታችን ስለሆነ ያለ እሱ ፈቃድ አላደርገውም። እርስዎ ቢጽፉለት ግን ይሰማል።

ታዛዥ ልጅዎ፣
ምሕረቱ


ሆሳዕና
ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሕረቱ፤

የሰማይ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ደብዳቤህ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ያመጣው ሰው አዲስ አበባ ታሞ ተኝቶ ነበር።

ስድስት ነጥብ አምስቱን ውሰድ።

ለሦስት መቶ ሜትር ብቻ ቢሆን ሦስት ዜሮ ስምንቱን እልህ ነበር። እኔ ከያዝኩት ጋር ወንድማማች ነው፤ አፈሙዙም ብዙ ዘመን ያገለግላል። ስምንት መቶ ላይ ግን ፍጥነቱ ሲቀንስ ነፋሱ እንደ ልቡ ያደርገዋል። ማግነሙ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ትከሻህን ከፍለህ የምታገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። ያ ቀጭኑ እርሳስ አየሩን ሰንጥቆ ስለሚሄድ ነፋስ የሚገፋው ከማግነሙ ብዙም አይለይም፤ ትከሻህ ላይ የሚያርፈው ምት ግን ግማሹን ያህል ነው። ምቱ ሲያንስ ጥይቱ ዒላማው ላይ ሲያርፍ በመነጽርህ ታየዋለህ፤ ስሕተትህንም ያን ጊዜውኑ ታርመዋለህ። ጉዳቱ አፈሙዙ ከሦስት ዜሮ ስምንቱ ቶሎ መበላቱ ነው። ስለዚህ ለጨዋታ አትተኩስ። እያንዳንዷን ጥይት አስበህ ተኩሳት።

ይህን ደግሞ ለዓብዩ አንብብለት፦

«ዓብዩ፣ እናትህ ናት የምትናገርህ። ብረት አትፍራ። ወንድምህ ከሰው ተደብቆ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሕጉ ያዘዘውን ነው የሚያደርገው። ዓመት ሙሉ መስኮት ላይ ቆሞ ከሚውል ሰው ላይ አንድ ቅዳሜ አትንሣበት። ካዝናው ይግባ።»

ዓብዩ እሺ ይላል። ጠመንጃው እጅህ ሲገባ መጀመሪያ ለእኔ ጻፍ።

አክስትህ፣
ኤርጎጌ


ጻካኔ፣ ጆሀንስበርግ
ነሐሴ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

ምርቃትዎ ደርሶልኛል፤ ጌታ ይመስገን። ፈቃዱ ወጣ፤ ስድስት ነጥብ አምስቱም እጄ ገባ። እንዳሉት ነው። ሚስባህ ማግነሙን ሲተኩስ ውሎ ትከሻውን ሲያሻሽ እኔ ገና እንደጀመርኩ ነኝ። ስድስት መቶ ሜትር ላይ መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ አከታትዬ መታሁ። ስምንት መቶ ላይ ግን ነፋሱ ያታልለኛል። እኔ ጋ ያለው ሣር ጸጥ ብሎ ዒላማው ጋ ያለው ይወዛወዛል። የቱን ልመን?

ዓብዩ መልእክትዎን ካነበብኩለት በኋላ አልተከራከረኝም። ካዝናው የመጣ ቀን ከእኔ ጋር ተሸክሞ አስገባው። በጨርቅ ሸፍኖ የዱቄት ከረጢት ደረደረበት። አልጋውን ግን ከዚያ ክፍል አውጥቶ ከመደርደሪያው ኋላ አደረገው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

በቀደም አንዲት ደንበኛ «ማይ ፍሬንድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትይዘው ረጅም ቦርሳ ጊታር ነው? ቸርች ትጫወታለህ?» አለችኝ። «አዎን» አልኳት። ሳቅን። ዓብዩ አልሳቀም።

በጥቅምት መጨረሻ ውድድር አለ። በስምንት መቶ ሜትር ተመዝግቤአለሁ። ይጸልዩልኝ።

ልጅዎ፣
ምሕረቱ


ሆሳዕና
ጥቅምት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሕረቱ፤

የዘመናት ጌታ ጉልበትህን ያጽና። ውድድሩ ትናንት እንደነበረ ዕፀገነት ነግራኛለች፤ ስለዚህ ምክሬ ለሚቀጥለው ይሁንህ። አንተ ጋ ያለውን ነፋስ አትናቀው። ጥይቱ ገና ሲወጣ ከተገፋ መንገዱን ሁሉ እንደተገፋ ይሄዳል። ሩቁን ለማወቅ ደግሞ መነጽርህን ከዒላማው ትንሽ ወዲህ አስተካክለህ ሙቀቱ እንደ ውሃ ሲፈስ ተመልከት። ወደየት እንደሚፈስ ካየህ ነፋሱን አገኘኸው።

ዛሬ ቤቴ ሰው በዝቶበታል። እሑድ ስለሆነ ይሆናል። የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎችም መጥተው ተቀምጠዋል፤ ምን ፈልገው እንደሆነ አልነገሩኝም። ዕፀገነት ራሴን አመመኝ ብላ ተኝታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ ሰው በዝቶ አፉን ሲያንቀሳቅስ ስለማይገባኝ ጓዳ ገብቼ ላንተ እጽፋለሁ።

የመታኸውን ወረቀት ራሱን ላክልኝ። ቀዳዳዎቹን በጣቴ ልንካቸው።

አክስትህ፣
ኤርጎጌ


ሆሳዕና
ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምሕረቱ፤

ጌታ ኀይል ይስጥህ፤ ለእኔም ይስጠኝ።

በጥቅምት የጻፍኩልህን ዕፀገነት ሳትልከው ቀርታ ነበር። ከዚህ ጋር አለ፤ አንብበው። ያን ስጽፍ ልጄ ሞቶ ነበር። በቤቴ የተቀመጡት ሁሉ ያውቁ ነበር። ማታውን ነገሩኝ።

ዓብዩን ቀበርነው። ሣጥኑ ታሽጎ ስለመጣ ፊቱን አላሳዩኝም። አንተን ከሣጥኑ ጋር ትመጣለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር።

ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል። አንዱ ሌባ ነው ይላል፤ አንዱ በስሕተት ነው ይላል፤ አንዱ ደግሞ ጀርባዬን ይመታና «የጌታ ፈቃድ ነው» ብሎ በወረቀት ጽፎ ያሳየኛል። የሆነውን የምታውቀው አንተ ነህ። ሳትቀንስ ጻፍልኝ። እኔን ለማጽናናት ብለህ አንድ ቃል እንዳትጨምር።

ኤርጎጌ


ጻካኔ፣ ጆሀንስበርግ
የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ኤርጎጌ፤

ምን ብዬ ሰላም እንደምልዎት አላውቅም። የሚያጽናና አምላክ ከእርስዎ አይለይ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የውድድሩ ቅዳሜ ነበር። በጠዋት ስወጣ ዓብዩ ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ። «ዛሬ ታሸንፋለህ?» አለኝ። «ነፋሱ ከፈቀደ» አልኩት። «ታዲያ ነፋሱን ለምንልኝ ብለህ ለእማዬ መጻፍ ነበረብህ» ብሎ ሳቀ። ጠመንጃውን ከካዝናው አውጥቼ የሚስባህ ባኪ ላይ ጫንኩ። መንገድ ላይ ያዩኝ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ሁልጊዜም ያዩኛል።

ቀሪውን የነገረችኝ ከእኛ ጎን በቆርቆሮ ተከልላ የምትሠራው ፀጉር ሠሪ ናት። በግድግዳው ሁሉም ይሰማል። ረፋድ ላይ ሦስት ሰዎች ገቡ። የመሳቢያውን ገንዘብ ሲሰጣቸው አልፈለጉም።

«ረጅሙን ጠመንጃ አምጣ» አሉት።

«የለም። ወንድሜ ይዞት ሄዷል።»

«ካዝናውን ክፈት።»

ከፈተው። ትርፉ ቁልፍ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ከጥይት ካርቶን በቀር ባዶ ነበር።

«ጥይቱ እዚህ ካለ ጠመንጃውም እዚህ ነው። ደብቀኸዋል።»

«በእግዚአብሔር ስም፣ የለም። ቁጭ በሉና እስኪመጣ ጠብቁት» አላቸው። ይህን ያለው ተቆጥቶ ይሁን ለምኖ አላወቀችም። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተተኮሰ። ሮጣ ስትወጣ ሄደዋል። ዓብዩ ከመደርደሪያው ኋላ አልጋው አጠገብ ወድቆ ነበር። ብዙም አልቆየም ብላኛለች። እጁን ይዛ ነበር።

እኔ በዚያን ሰዓት በደረቴ ተኝቼ ነበር። በመስመሩ ላይ ስልክ ይዘጋል። ሙቀቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይፈስ ነበር፤ ጠብቄ ተኮስኩ። እንደዚያን ቀን ተኩሼ አላውቅም። ስልኬን የከፈትኩት እጄን ሊጨብጡኝ ሲሰበሰቡ ነው።

ከሣጥኑ ጋር መምጣት ነበረብኝ። ሚስባህ ትኬት ሊቆርጥልኝ ነበር። ለዕፀገነት ፖሊስ ለምርመራ ስለሚፈልገኝ አልችልም አልኳት። ፖሊስ ግን ቃሌን በማግስቱ ተቀብሎ ጨርሶ ነበር። ጠመንጃውን አስረክቤአለሁ። ካዝናውን ልነቅለው ብሎኖቹ እምቢ አሉኝ፤ እዚያው አለ።

ያሉኝን አድርጌአለሁ። ከዚህ የቀነስኩት የለም።

ምሕረቱ


ሆሳዕና
መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሕረቱ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። የጻፍከውን ብቻዬን ሆኜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁበት። ካዝናው ይግባ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዓብዩ ትክክል ነበር፤ እኔ ዝም አሰኘሁት። አንተ ይህን አልጻፍክም። አዝነህልኝ እንደተውከው ገብቶኛል። አትተወው፤ እኔም አልተውኩትም። ጠመንጃ በእጄ የነበረ ጊዜ ናፍቆኝ ነበር፤ በአንተ ዓይን ሜዳውን እያየሁ የልጄን ቃል ሳልሰማ ቀረሁ።

አንተን ይቅር ብዬህ እንደሆነ ሰዎች ይጠይቁኛል። አላውቅም። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሣ እጠላሃለሁ። ከቀትር በኋላ ደግሞ እራት በልተህ ይሆን እላለሁ። ይህን ሁለቱንም በወረቀት ልጨርሰው አልችልም። ለፋሲካ ና። አዲስ አበባ ድረስ ወጥቼ እቀበልሃለሁ።

ኤርጎጌ


ጻካኔ፣ ጆሀንስበርግ
ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ፤

የእግዚአብሔር ምሕረት ይብዛልዎት። እኔ ከእርስዎ ምሕረት ለመለመን አፍ የለኝም።

አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ ነበር። ሻንጣዬን አስረክቤ ተቀመጥኩ። ስማችንን ሲጠሩ ሌሎቹ ተነሡ። የእኔም ስም ሲደጋገም ሰማሁ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። በሩ ሲዘጋ አየሁ። እርስዎ አዲስ አበባ ላይ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ቆመው እንደነበር፣ ዕፀገነት እጅዎን ጎትታ እንዳወጣችዎት ነግራኛለች። ሻንጣዬ ብቻውን ደርሶ ሰንብቶ ተመለሰ።

ዲፕስሉት ወደሚባል ሌላ ሰፈር ልቀየር አስቤ ነበር፤ እዚያም ያው ነው። አሁንም በዚያው መስኮት ላይ ቆሜአለሁ። አንዳንድ ጊዜ ከሚገዙኝ ሰዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ ይኖር ይሆን እላለሁ። ዳቦውን እሰጠዋለሁ፣ መልሱን እቆጥርለታለሁ። ወለሉን በየጠዋቱ አጥባለሁ።

እባክዎ አይጠብቁኝ።

ምሕረቱ


ሆሳዕና
ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምሕረቱ፤

ጌታ ይህ ወረቀት እስኪደርስህ በሕይወት ያቆይህ።

መምጣት አልቻልክም። እሺ። እኔ እመጣለሁ።

ፓስፖርት አውጥቻለሁ። ፎቶውን ስነሣ ዕፀገነት ታለቅስ ነበር፤ «በዚህ ዕድሜሽ፣ በዚያ አገር!» ትላለች። ሽማግሌዎቹም መጥተው መከሩኝ፤ አንገቴን ነቅንቄ ሸኘኋቸው። ልጄን የሸኘሁት በታሸገ ሣጥን ነው። የቆመበትን መስኮት አላየሁም። የተኛበትን አላየሁም። እጁን ይዛ የነበረችውን ሴት አላመሰገንኳትም። ይህን ሳላደርግ ልሞት አልፈልግም።

ለቪዛው ከዚያ አገር ነዋሪ የሆነ ሰው የፈረመበት የግብዣ ወረቀት ያስፈልጋል ብለውኛል። እሱን ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ገንዘብም፣ ዕቃም አትላክ። ባትልከው ሚስባህን አስጽፈዋለሁ፤ አድራሻውን ከዕፀገነት አግኝቻለሁ።

ከእኔ ጋር ምን እንደምታወራ አትጨነቅ። ልትናገር ካልቻልክ ዝም በል። ወለሉንም እኔ እስክመጣ እጠበው፤ ስመጣ ግን ለእኔ ትተወዋለህ።

አውሮፕላኑ ሲደርስ ሌላ ሰው እንዳትልክ። በሩ ላይ አንተ ቁም።

ኤርጎጌ